ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም

«አስቸኳይ! በዚህ ቁጥር ከተደወለላችሁ እንዳታነሱ! ካነሳችሁ ባንክ ያለው ብራችሁ ሙልጭ ይላል። ለምታውቁት ሁሉ አስተላልፉ!»

እንዲህ ያለ መልእክት ያልደረሰው ሰው አለ? ለእኔ አክስቴ ላከችልኝ። አንድ ደንበኛዬም ላከልኝ። ባንክ ውስጥ የሚሠራ ወዳጄ ሲልክልኝ ግን ሳቄ መጣ። አቦ፣ አንተ እንኳን! ስልክ ማንሳት ብቻውን ከማንም ሂሳብ ላይ ብር አያወጣም። ጉዱ የሚመጣው ከተነሳ በኋላ ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ አሁን ስልክህ ላይ የገባውን ቁጥር አንብብልን» ሲሉት አንብቦ የሰጠ ሰው ነው የሚበላው። መልእክቱ ደግሞ ስለዚያ የማረጋገጫ ቁጥር አንዲት ቃል አይናገርም። አስፈራርቶን ያልፋል። የፈራ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ካልተነገረው፣ ያው የለመደውን ያደርጋል።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከዚራ አንዲት ጠባብ ቢሮ አለችኝ። የነጋዴ መዝገብ እይዛለሁ፣ በየወሩ ቫት አሳውቃለሁ፣ ፔይሮል እሠራለሁ፣ ሰኔ 30 ሲደርስ እንደ ሙያ አጋሮቼ ሁሉ እንቅልፍ አጣለሁ። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ኮምፒውተሬ ሲታመም ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ተሸክሜው የምሄድ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ከጥቂት የሙያ ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን ስንማማር የገባኝ ነገር ስላለ ነው።

የገባኝም ይሄ ነው፦ እኛ ሂሳብ ሠራተኞች ስለ ኮምፒውተር ጥንቃቄ ከምናስበው በላይ እናውቃለን። የሚጠፋብን በኮምፒውተር ሰዎች ቋንቋ ሲነገረን ነው። ሥራችን ራሱ ጥንቃቄ ነው እኮ። ያለ ሰነድ አንከፍልም። ክፍያውን ያዘጋጀው ሰው ራሱ አያጸድቀውም። የባንክ ሪኮንሲሌሽን ሳንሠራ፣ ማለትም መዝገባችንን ከባንኩ ስቴትመንት ጋር ሳናስተያይ፣ ወር አንዘጋም። ካዝና ሳይታሰብ እንቆጥራለን፤ ገንዘብ ያዡን ስለጠረጠርነው ሳይሆን አሠራሩ ስለሆነ። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ቅዳሜያችን የተጀመረው በአንድ ባልደረባችን ቴሌግራም ምክንያት ነው። አንድ ጠዋት ከእሱ አካውንት ለሁላችንም መልእክት መጣ፦ «እንደምን አደሩ? ይቅርታ ላስቸግርዎት፤ ለአስቸኳይ ጉዳይ 15 ሺህ ብር ቢያበድሩኝ ነገ እመልስልዎታለሁ።» ድሬ ላደገ ሰው ይሄ ይበቃል። እኛ ጋ ሽማግሌውም ሹሙም «አንተ» ነው። ሰውየው ደግሞ ብር ሲቸግረው ሰላምታም የለው፤ «አቦ ብር አለህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እየሳቅን ደወልንለት። እሱ ገና ከእንቅልፉ መነሳቱ ነበር።

እንዲህ ተስቆ ሁልጊዜ አይታለፍም። አካውንቱን የያዘ ሌባ የድሮውን ወሬያችንን ወደ ላይ እየገፋ ማንበብ ይችላል። ሰውየው እንዴት እንደሚጽፍ፣ ማን ቸር እንደሆነ፣ ማን የማን ብር እንዳለበት ያያል። ቀጣዩ ሌባ «አቦ» ማለትን ይለምዳል። ስለዚህ መፍትሔው የአጻጻፍ ዘዬ ማጥናት አይደለም። ብር የጠየቀ ሰው ይደወልለታል፣ ድምፁ ይሰማል፣ አለቀ።

አካውንቱ እንዴት ሄደ? ከሚያውቀው ሰው አካውንት «የእህቴ ልጅ ለውድድር ቀርባለች፣ እስቲ ድምፅ ስጣት» የሚል ሊንክ መጣለት። ሊንኩን ከፈተው፣ ስልክ ቁጥር ጠየቀው፣ ሰጠ። ከዚያ «ለማረጋገጫ የመጣውን ኮድ አስገባ» አለው። ኮዱ የመጣው ከቴሌግራም ከራሱ ነበር፤ ለማንም አትስጥ የሚል ማሳሰቢያም አብሮት ነበር። እሱ ግን ለልጅቷ ድምፅ እየሰጠ ነው። አስገባው። ቴሌግራምን የሰበረ ማንም የለም።

በዚያ ቅዳሜ ተሰብስበን ያደረግነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለውን አበራን። ሴቲንግ ውስጥ፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ስር ነው። ከዚያ በኋላ ኮዱ ቢሰረቅ እንኳን፣ አዲስ ስልክ ላይ ለመግባት ሌላ የራሳችሁ ፓስወርድ ያስፈልጋል። ፓስወርዱ ቢጠፋችሁ ማስመለሻ እንዲሆን ኢሜይልም አስመዝግቡ፤ ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። «ዲቫይስ» የሚለውንም ከፈትን። አካውንታችሁ የተከፈተበትን ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ያሳያል። አንዷ ጓደኛችን ከለቀቀችው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ አሁንም እንዳልወጣች ያየችው ያኔ ነው። ፊቷን ብታዩት!

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። አሁን ገና የገባ ሰው ወዲያው ሌሎቹን ስልኮች ማስወጣት አይችልም፤ ቴሌግራም ለተወሰነ ጊዜ ይከለክለዋል። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ አካውንቱ አሁንም ክፍት ከሆነ ጊዜ አላችሁ። ከማልቀስና ከመደዋወል በፊት «ዲቫይስ» ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁትን አስወጡት።

ሥልጠና አልወሰድንም እንዳይባል፣ ወስደናል። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያ ሙሉ ቀን አሠለጠኑን። ስለ ፋየርዎል፣ ስለ ኢንክሪፕሽን፣ ስለ ሰባት ዓይነት ቫይረስ። ሰውየው ያውቃሉ፤ እውነቱን መናገር ነው። ግን እስቲ አስቡት፦ ድሬ፣ ግንቦት፣ ከምሳ በኋላ፣ ፋየርዎል! ግማሹ ሰው በልቡ በርጫው ጋ ነው፣ ግማሹ ከእንቅልፍ ጋር እየተሟገተ ነው። ሰርተፊኬቱን ቢሮዬ ሰቅዬዋለሁ፣ ያምራል። በማግስቱ ግን ማናችንም የቀየርነው ነገር አልነበረም። የቴሌግራሙ ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ ሁላችንም ግን የሆነ ነገር አብርተን ነው ወደ ቤት የሄድነው።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው አንድ ሰው አንድ የገጠመውን ነገር ያመጣል። እዚህ ላይ ግን ያላሰብነው ችግር ገጠመን። የእኛ ሙያ ሚስጥር ጠባቂ ነው። የደንበኛን ጉዳይ ለሌላ አለማውጣት ከሙያው ሥነ ምግባር መሠረቶች አንዱ ነው። በዚያ ላይ ድሬ ትንሽ ናት። «አንድ ጨርቅ አስመጪ ደንበኛዬ» ብለህ ከጀመርክ ግማሹ ሰው ስሙን ያውቀዋል፣ ቀሪው ይገምታል። «ሱቁ አሸዋ አካባቢ ነው» ካልክማ ምን ቀረ? ሰኞ ጠዋት ወሬው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ይደርሳል፤ ደንበኛህም መዝገቡን ተሸክሞ ሌላ ቢሮ ይሄዳል።

ብዙ ተከራክረንበታል። አንዳንዱ «ዝም ማለት ይሻላል» አለ። ዝም ካልን ግን ሌባው ያንኑ ኢሜይል ይዞ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይዞራል፤ እያንዳንዳችንም ለየብቻ እንበላለን። መጨረሻ ላይ የተስማማንበት ይሄ ነው፦ የደንበኛው የሥራ ዘርፍ ይቀየራል፣ የብሩ መጠን አይነገርም፣ ወሩም አይነገርም። የሚነገረው መንገዱ ብቻ ነው። ምን መጣ? ምን ጠየቀ? ለምን እውነት መሰለ? የት ላይ ቢቆም ኖሮ ይቆም ነበር? የሰፈር ወሬ የሚፈልገው ሌላውን ሁሉ ነው፤ ለሥራችን የሚጠቅመን ግን እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛው ደንብ ከባድ ጸጸት ያመጣው ነው። ከመካከላችን በዕድሜም በልምድም የሚበልጠን አንድ ሰው አለ። ብዙዎቻችንን ሥራ ያስተማረን እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ከብዙ ማመንታት በኋላ፣ ከባንክ ነን ብለው ደውለው እንዴት እንዳታለሉት መናገር ጀመረ። ገና ሳይጨርስ አንዱ ልጅ «እንዴት አንተ ትሸወዳለህ?» አለ። ክፋት አልነበረውም፤ መገረሙ ነው። ሰውየው ግን ወሬውን እዚያው ቆርጦ ሻዩን ጠጣ። ለብዙ ቅዳሜ አልመጣም። የቀረውን ታሪክ ስንሰማ ደግሞ ብልሃቱ እኛ ያላወቅነው ነበር፦ ሌባው መጀመሪያ የሰጠው እውነተኛ መረጃ ነው፤ ሙሉ ስሙን፣ የትኛው ቅርንጫፍ ሂሳብ እንዳለው። በዚህ አምኖት ነው ቁጥሩን ያነበበለት። ስምና ቅርንጫፍ ደግሞ በየደረሰኙና በየቼኩ ላይ ያለ ነገር ነው። ይህችን ለማወቅ ያን ሁሉ ጊዜ ጠበቅን፣ በአንድ «እንዴት» ምክንያት። አሁን ታሪክ ለሚያወራ ሰው «ከዚያስ?» ብቻ ነው የሚባለው።

እስካሁን ከሰማናቸው ሁሉ የበለጠ ያስተማረን የኢምፖርት ሂሳብ የምትሠራ ጓደኛችን ያመጣችው ነው። የሥራ ዘርፉን በደንባችን መሠረት ቀይሬዋለሁ፤ መለዋወጫ ነው እንበል። ደንበኛው ከቻይና አቅራቢው ጋር ለዓመታት ሠርቷል። ቅድሚያ ተከፍሏል፣ ዕቃው ተዘጋጅቷል፣ ቀሪው በቲቲ፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በሚተላለፍ የውጭ ክፍያ፣ ሊላክ ነው። ልክ በዚያ ሳምንት ኢሜይል መጣ። «የባንክ ሂሳባችን ኦዲት ላይ ስለሆነ ቀሪውን ክፍያ በዚህ አዲስ ሂሳብ ላኩልን» ይላል። ከሥር የድሮው ደብዳቤ ሁሉ ተሰልፏል፤ የዋጋ ክርክሩ፣ የካርቶን ብዛቱ፣ የበዓል ሰላምታው ሳይቀር። ፕሮፎርማው ተያይዟል፣ ማህተሙ ያው ነው፣ ፊርማው ያው ነው። ባለቤቱ ደውሎ «ዛሬውኑ ጨርሺልኝ፣ ዕቃው ወደብ ላይ እንዳይቆይ» አላት።

እሷ ምን አደረገች? ቦክስ ፋይሉን ከመደርደሪያ አወረደች። ያለፉትን የቲቲ ኮፒዎች አወጣችና የሂሳብ ቁጥሩን ጎን ለጎን አስቀመጠች። ቁጥሩ መለየቱን ኢሜይሉ ራሱ ነግሯታል። እሷ ያየችው ሌላ ነው፦ ባንኩ ያለበት አገርም ተለውጧል፣ የተቀባዩም ስም ልክ ያው አይደለም። «ይሄ ሰነድ አልተሟላም» አለች። ከዚያ ስልክ ደወለች። በኢሜይሉ ግርጌ ባለው ቁጥር አልደወለችም። ከመጀመሪያው ፕሮፎርማ ላይ፣ ከዓመታት በፊት ከመጣው፣ ቁጥሩን ወስዳ ነው የደወለችው። ቻይናዊቷ ሠራተኛ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ኖ ቼንጅ! ኖ ቼንጅ!» ብላ ጮኸች።

ኢሜይሉን ደግመን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። የላኪው አድራሻ ላይ «ኤም» መሆን የነበረባት ፊደል «አር» እና «ኤን» ጎን ለጎን ተጣብቀው ነበር። ስክሪን ላይ ፈጽሞ አይለይም። እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ እዚህ ጋ ነው ተብሎ ተጠቁሞልኝ እንኳን ቶሎ አላየሁትም። «አድራሻውን በደንብ እዩ» የሚለው ምክር ጥሩ ነው፤ ግን ጓደኛችንን ያዳናት ዓይኗ አይደለም። ያዳናት ቦክስ ፋይሉ ነው። ሌባው ከእውነተኛው አድራሻ ልኮት ቢሆን ኖሮም ያቺው ስልክ ትይዘው ነበር።

የድሮው ደብዳቤ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከሁለት አንዳቸው ኢሜይል ውስጥ ሰው ገብቶ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ሌቦች ትዕግሥተኞች ናቸው። ገብተው ምንም አይነኩም፤ ቁጭ ብለው ያነባሉ። ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ነገር ቢኖር፣ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ በስውር ለእነሱም እንዲተላለፍ ማዘዝ ነው። ፓስወርድ ብትቀይሩም ትእዛዙ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጂሜይል የምትጠቀሙ ሴቲንግ ውስጥ «ፎርዋርዲንግ» እና «ፊልተርስ» የሚሉትን ክፈቱ። እናንተ ያላስገባችሁት አድራሻ ካለ አጥፉት፣ ከዚያ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ከዚያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ደንበኛችሁ ኢሜይሉን ራሱ የሚይዝ ከሆነም አብራችሁት ቁጭ ብላችሁ እዩለት።

ይህ ማጭበርበር የእኛ አገር ነጋዴን የዋህነት ፈልጎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ለኤፍቢአይ በቀረቡ አቤቱታዎች በዚህ መንገድ የጠፋው ገንዘብ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በዚህ ከሚበሉት ውስጥ ትልልቅ ኩባንያዎችም አሉ፣ የሕግ ክፍል ያላቸው፣ የኮምፒውተር ክፍል ያላቸው። ይህን የምናገረው በስልክ ለተታለለው ለዚያ ትልቅ ሰው ወዳጄ ነው።

አሁን በእኔ ቢሮ ሂሳብ ቁጥር የቀየረ አቅራቢ ሁሉ፣ የአገር ውስጥም ቢሆን፣ በድሮው ስልኩ ይደወልለታል። ማን እንደደወለ፣ ማን እንዳነሳ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ የክፍያ ቫውቸሩ ጀርባ ላይ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ነጋዴው ሲጣደፍ «አቦ ቶሎ በል!» ይላል። ይበል። ቫውቸሩ ጀርባ ባዶ ከሆነ አልልክም።

ፓስወርድ ላይ ደግሞ እኛ ሂሳብ ሠራተኞች የተለየ ሸክም አለብን። የራሳችንን ብቻ አይደለም የምንይዘው። የብዙ ደንበኛ የኢታክስ (በኢንተርኔት ግብር የሚታወቅበት) መግቢያ፣ ኢሜይል፣ አንዳንዴም የማይገባንን የባንክ መግቢያ ሳይቀር እንይዛለን። የባንኩን አልቀበልም ማለት ጀምሬያለሁ፤ ማየት ብቻ የሚያስችል መግቢያ ካለ እሱን ይስጡኝ፣ ከሌለ ስቴትመንት ያምጡልኝ። የኢታክሱን ግን ማምለጫ የለም። የብዙዎቻችን ልማድ ደግሞ ይታወቃል፦ የድርጅቱ ስም ሲደመር 123። የአንዱን ያወቀ የሁሉንም አወቀ።

አንድ ባልደረባችን ሁሉንም በደብተር ጽፎ ካዝናው ውስጥ ይቆልፍበታል። ወጣቶቹ ሲስቁበት እኔ ወገንኩለት። ባሕር ማዶ ያለ ሌባ ከዚራ ካዝና ውስጥ ያለ ደብተር አያነብም። ለየደንበኛው የተለያየ ፓስወርድ እስከሆነ ድረስ ደብተሩ፣ በኤክሴል ጽፎ ዴስክቶፕ ላይ «ፓስወርድ» ብሎ ከማስቀመጥ በብዙ ይሻላል። እኔ ራሴ ኪፓስ የሚባለውን ነው የምጠቀመው። ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ፓስወርድ ይቆልፋል።

ያቺ ትልቋ ፓስወርድ ደግሞ ረጅም ትሁን። በየወሩ ቀይሩ የሚለውን የድሮ ምክር እርሱት። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እንኳን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ያለ ምክንያት ማስቀየርን ትቶ ርዝመት ላይ አተኩሯል። በየወሩ ቀይር የተባለ ሰው መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ወደ 2 ነው የሚቀይራት፤ ሁላችንም እናውቃለን። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ባጃጅ፣ ቃሪያ፣ ሐምሌ፣ ጣሪያ፣ ሙሸበክ እንደማለት። እነዚህን ሳይሆን የራሳችሁን፤ ተረትና ምሳሌም አይሁን፣ ሰው ይገምተዋል።

ከሥራ ስለመልቀቅ አንድ ነገር ልበል። መሥሪያ ቤት ስትለቁ ክሊራንስ ይዛችሁ በየክፍሉ ትዞራላችሁ። ስቴፕለር መልሷል? ካልኩሌተር መልሷል? ቁልፍ አስረክቧል? የኢሜይሉን ፓስወርድ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። የድርጅቱ ኢሜይል ማስመለሻ ስልክ የለቀቀው ልጅ ቁጥር ሆኖ ዓመት ያልፋል። ልጁ ቁጥሩን ቢጥለውና ለሌላ ሰው ቢሰጥ፣ የድርጅቱ ቁልፍ የማይታወቅ ሰው ኪስ ገባ ማለት ነው። በርክክብ ቅጻችሁ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ ፓስወርዱ ተቀይሯል፣ ማስመለሻ ስልኩ ተቀይሯል።

ፍላሽ የድሬ ሂሳብ ሠራተኛ ሁሉ ጣጣ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክተህ ስትመለስ ፎልደሮችህ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነው ታገኛቸዋለህ። ሰው ደንግጦ ፎርማት ያደርጋል፤ ፋይሉን የሚያጣው ያኔ ነው እንጂ ቫይረሱ አላጠፋበትም። ደብቆበት ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱ፤ ሲከፈት ቫይረሱ ወደ እናንተ ኮምፒውተር ይገባል። «ሂድን አይተምስ» የሚለውን አብሩ፣ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ደግሞ አጥፉ፤ እውነተኞቹ ፎልደሮች ፈዘዝ ብለው ይታያሉ። ኮፒ አድርጓቸው፣ ፎርማት ከዚያ በኋላ።

ፍላሹን ትተን በቴሌግራም ፒዲኤፍ እንልካለን ያሉም ነበሩ። ጥሩ ነው፣ ግን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ይቀራል። አንድ ጊዜ እኔ ደብዳቤ ላሳትም ገብቼ ዴስክቶፑ ላይ የአንድ ድርጅት ሙሉ ፔይሮል ተኝቶ አየሁ። ስም፣ ደመወዝ፣ የባንክ ሂሳብ፣ ቲን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ እኛም ፔይሮል ስንይዝ ከዚያ ውስጥ ነን። ፔይሮል በራስ ፕሪንተር ነው የሚታተመው። ፕሪንተር ከሌለ አስጠፍታችሁ ውጡ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ጭምር።

ባክአፕን በተመለከተ፣ ድሬ ላይ ሃርድ ዲስክን ቫይረስ ቢስተው ሙቀቱና የመብራት መቆራረጡ አይስተውም። ሂሳብ የምንሠራበትን ሶፍትዌር፣ የፒችትሪን ባክአፕ የማይወስድ የለም። ችግሩ ባክአፑ ያለበትን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰክቶ መተው ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር የተሰካውንም አብሮ ይቆልፋል። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ላይ ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር ከ150 በላይ አገሮች ሲገባ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰርዘዋል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት የለቀቀው ከሁለት ወር ያህል በፊት ነበር። አፕዴት የሚዘጋ ሁሉ ይህን ያስብ። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁም፣ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መቆሙን እወቁ።

ስለዚህ ኤክስተርናሉ ባክአፕ ሲያልቅ ይነቀል፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ከቢሮ ውጭ ይደር። በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ሪስቶር አድርጋችሁ፣ ማለትም ከባክአፑ መልሳችሁ ከፍታችሁ፣ እዩት። ፒችትሪ ሲጠይቃችሁ «አዲስ ካምፓኒ» የሚለውን ምረጡ፤ ነባሩ ላይ እንዳትደርቡበት። ትራያል ባላንሱ፣ የሂሳቦቹ ሁሉ ቀሪ ዝርዝር፣ ከታተመው ጋር ከገጠመ ባክአፕ አላችሁ። ቆጠራ ማለት ይሄው ነው፤ ካዝናችሁን የማትቆጥሩ አይመስለኝም።

የርዕሴን ነገር አልረሳሁትም። ለነጋዴ ደንበኞቼ በአንድ ገጽ አትሜ የሰጠሁት ይህን ነው፤ ካሽ መቀበያቸው ጋ ለጥፈውታል። ደንበኛ «ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን ቢያሳይ፣ ያ የእሱ ስልክ ነው። ፎቶ ይቀናበራል፣ የባንክ የሚመስል ኤስኤምኤስ ከተራ ቁጥር ይላካል። ዕቃ የሚወጣው የራሳችሁ ባንክ ወይም ቴሌብር ላይ ብሩ መግባቱን ስታዩ ነው። ወረፋው ቢረዝምም። አንዱ ደንበኛዬ «ሰው ይቀየመኛል» አለኝ። ወረቀቱን አሳየው፣ «ሂሳብ ሠራተኛዬ ነው ያስቸገረኝ» በል አልኩት። በእኔ ማላከክ ተፈቅዷል።

የመጪው ቅዳሜ ጉዳይ ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ ለመሥራት የሚያስችለው ኤኒዴስክ ነው። ፒችትሪ ሲበላሽ አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ በኤኒዴስክ ገብቶ ይሠራልናል። ሲገባ ግን ባለቤቱ ሳይኖርም መግባት የሚያስችል ፓስወርድ አስቀምጦ የሚሄድ አለ፤ ለቀጣዩ ጊዜ እንዲቀለው። ቅዳሜ የእያንዳንዳችንን እየከፈትን እናያለን፣ እናጠፋዋለንም። ላፕቶፕ ያላችሁ ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። ሰሞኑን መብራቱ አይታመንም።